ዴስክቶፑ ሞቷል፤ ሃርድ ዲስኩስ?

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልነሳ ብሏል። ማብሪያውን ብንጫን መብራት የለ፣ ፋን የለ፣ ድምፅ የለ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀየርን፣ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካነው፤ ያው ነው። ለኮምፒውተሩስ ማንም አያዝንም፤ ዕድሜውን ጨርሷል። ውስጡ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተነሱ የልጆቿ ፎቶዎች አሉ። የመመረቂያ ጽሑፏ አለ። ለዓመታት የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አሉ። ሌላ ቦታ ኮፒ የላቸውም።

ሃርድ ዲስኩ የተለመደው ባለ 3.5 ኢንች ሳታ (የዲስክ መሰኪያ ዓይነት) ነው፤ 500 ጊጋባይት። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው።

የኔ እምነት፣ የሞተው ኮምፒውተሩ እንጂ ዲስኩ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይል የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከብልሽቱ በኋላ በሚመጣው ጥድፊያ ነው። አንዱ ፎርማት ያደርገዋል፣ አንዱ ይፈታታዋል፣ አንዱ ያገኘውን ሶፍትዌር ሁሉ ይጭንበታል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ልጠይቅ። ዲስኩን አውጥተን በምን እንሰካው? ከሰካነው በኋላስ ፈጽሞ መንካት የሌለብን ምንድን ነው?

በዚህ የውይይት ክር የመጣው መልስ ብዙ ነው። አንዳንዱ ወርቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የተረፈውን ፋይል ገደል የሚከት ነው። ኋላ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ ሁሉንም በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይም ተናግሬአለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ሐሳቤን ደገፈልኝ። መብራትም ፋንም ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ ቀጥሎም ማዘርቦርዱ (ሁሉን የሚያገናኘው ዋናው ቦርድ) መሆኑን ጻፈ። ሃርድ ዲስክ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ፋይሉ የተጻፈው በማግኔት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ባለበት ይቆያል። ቤቱ ሲፈርስ ሳጥኑ እንደሚተርፍ ማለት ነው። ምክሩም ቀላል ነው፤ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ኮምፒውተር አምጥቶ መሞከር። ከተነሳ ዲስኩን ማውጣትም አያስፈልግም።

መልስ 2

ሁለተኛው በአክብሮት አረመው። ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ በሰላም አይሞትም። አንዳንዴ ሲሞት ያልተስተካከለ ቮልቴጅ ለቆ አብረውት ያሉትን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ስንሞክር ዲስኩ አብሮ መሰካት የለበትም አለ። መጀመሪያ የዲስኩ ሁለት ኬብሎች ይነቀላሉ። ኮምፒውተሩ ያለ ዲስክ ይነሳል፤ ትንሽ ይቆያል። ደህና ከሆነ ብቻ ዲስኩ ይመለሳል።

እግረ መንገዱን ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች (ትናንሽ የቆሙ ሲሊንደሮች) አናት እንድናይ ነገረን። የጤነኛው አናት ዝርግ ነው። ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካዠ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ኬዙን ከፍተን ስናይ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ከቆሙት ሦስቱ አናታቸው ተነፍቷል። የአንዱ ሥር ላይ ቡናማ ቅርፊት ደርቋል። ስለዚህ የማዘርቦርዱን ጉዳይ እዚያው ዘጋነው።

መልስ 3

ሦስተኛዋ ጸሐፊ በንዴት ነው የገባችው። ንዴቷም የደረሰባትን ካየች ሰው የሚጠበቅ ነው። ፓወር ሰፕላይ ቀይሩ ተብሎ ሲመከር ማንም ስለ ኬብሉ አለመናገሩ አናዷታል። ኬብላቸው ከሁለቱም ጫፍ የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ዲስኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። መልኩ ይገጥማል፤ የሽቦው ቅደም ተከተል አይገጥምም። አሮጌውን ኬብል አዲሱ ላይ የሰካ ሰው ለ5 ቮልት የተሠራው መስመር ላይ 12 ቮልት ሊለቅበት ይችላል። እሷ ሁለት ጤነኛ ዲስኮች የተቃጠሉባት በዚህ መንገድ ነው። ዲስኮቹ ላይ የነበረው ሥራዋን ውሃ በላው።

ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይህንን ይያዝ። ስለ ጠቅታና ስለ ሶፍትዌር የሚያወራው ብዙ ነው፤ ስለ ኬብል ግን ማንም አያነሳም።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ኮምፒውተሩን እርሱት አለ። ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ፈልጉ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ኮፒ አድርጉ፤ አለቀ። እውነት ነው፣ ግን ያልጨረሰው ነገር ነበር።

አምስተኛዋ ጨረሰችለት። የላፕቶፕ ዲስክ፣ ባለ 2.5 ኢንቹ ማለት ነው፣ 5 ቮልት ይበቃዋል፤ ዩኤስቢውም ይህንኑ ይሰጠዋል። የዴስክቶፑ ባለ 3.5 ኢንች ግን ሞተሩን የሚያዞረው በ12 ቮልት ነው፤ እሱን ደግሞ ተራ የዩኤስቢ ገመድ አይሰጥም። ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብታዩ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የራሱ ቻርጀር ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ማገናኛ ነው። ብዙ ሰው በትንሹ ገመድ ይሰካውና አልዞር ሲለው ዲስኩ ሞቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዲስኩ ግን ኃይል አጥቶ ነው። ይህን ስታስረዳ አራተኛውን ሳታሳፍር ነው ያደረገችው። እሱም አመስግኗት ሄደ።

መልስ 6

ስድስተኛው ማገናኛ ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አሳየ፤ ዲስኩን ሌላ ዴስክቶፕ ውስጥ መሰካት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ፣ የኬዙ ብረት በእጅ ተነክቶ ነው የሚጀመረው። ጠባቡ ባለ 7 ፒን ለዳታ፣ ሰፊው ባለ 15 ፒን ለኃይል ነው። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ትንሽ መታጠፊያ ስላላቸው በግልባጭ አይገቡም፤ አልገባ ካለ መግፋት አያስፈልግም።

የመልሱ ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከራሱ ዲስክ መሆኑን አረጋግጡ አለ። ካልሆነ ከአሮጌው ዲስክ ለመነሳት ይሞክራል። አሮጌው ዊንዶውስ አዲስ ማዘርቦርድ ሲያይ ድራይቨር መቀያየርና ዲስኩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። እኛ የምንፈልገው ግን እንዲነበብ ብቻ ነው።

መልስ 7

ሰባተኛው ሁላችንንም ገሠጸ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ነው ወይስ ሃርድ ዲስክ የሚለው ነው፣ ይህን ሳትጠይቁ ስለ ኬብል ታወራላችሁ አለ። የመነሻ ጽሑፉን አላነበበም፤ ሁለት ሰዎችም ወዲያው ነገሩት። ቢሆንም ያመጣው ነገር ዋጋ አለው። አዳዲስ ዴስክቶፖች ውስጥ ያለው ዲስክ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተኛች ቀጭን ኤም.2 ናት። እሷም ሁለት ዓይነት ናት፤ አንደኛዋ በሳታ፣ ሌላዋ በኤንቪኤምኢ (ከሳታ የተለየ የግንኙነት ዓይነት) ትሠራለች። ለአንዷ ብቻ የተሠራ የዩኤስቢ ማቀፊያ ሌላዋን አያነብም። ከመግዛት በፊት የዲስኳን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

መልስ 8፣ 9 እና 10

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው ዲስኩ ካልሠራ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር መከረ። ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ ይሠራል አለ።

ዘጠነኛው ክፉኛ ወረደበት። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው የሌላውን ሰው ፎቶ እንደሚያቃጥል እንዲያውቅ ነገረው። ከዚያም አልፎ ስድብ ቀረሽ ነገር ጨመረ። ስምንተኛውም ዝም አላለም፤ ጥቂት ተወራወሩ።

አስረኛው ምላሽ የገባው ለረጅም ጊዜ ዲስክ ሲጠግኑ የኖሩ በሚመስሉ ሰው ነው። ማንንም ሳይነኩ አስረዱ። ዲስኩ ውስጥ ያሉት ሳህኖች ሲዞሩ ማንበቢያው ሄድ አይነካቸውም፤ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ በላያቸው ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ብረት ሞቅ ያለ አየር ሲያገኝ ላቡን ያወጣል። ያ እርጥበት ሳህኑ ላይ ካረፈ፣ ዲስኩ ሲዞር ሄዱ ይጋጫል፤ የተጋጨበት ቦታ ይፋቃል፤ የተፋቀውን ማንም አይመልሰውም። ዲስኩን ቤት ውስጥ መፍታትም ያው ነው አሉ። ዲስክ የሚከፈተው አየሩ ተጣርቶ አቧራ በማይገባበት ክፍል ነው።

ከእሳቸው በኋላ ስምንተኛው ምክሩን ሰረዘው። ዘጠነኛው ግን ይቅርታ አልጠየቀም። በይዘቱ ትክክል ነበር፤ ሰውን ያሳመነው ግን አስረኛው ነው።

መልስ 11

ይህ የወደድኩት መልስ ነው። ዲስኩን ስትሰኩ መጀመሪያ በጆሮ ስሙት ይላል። ጤነኛ ዲስክ ቀስ ብሎ እየጨመረ የሚሄድ ለስላሳ የመዞር ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ቀጠን ያሉ፣ ያልተስተካከሉ ጠቅታዎች ይመጣሉ፤ ሄዱ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው። እጃችሁን በስሱ ብታስደግፉበት መንዘሩ ይሰማል። የታመመው ሌላ ነው። በእኩል ልዩነት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ መዞሩን ያቆምና እንደገና ይጀምራል። ሄዱ የሚፈልገውን አላገኘም ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሳይዞር ቀጭን ጩኸት ብቻ ያሰማል። ሄዱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ሞተሩ ሲታገል እንዲህ ይላል።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ እዚያው ንቀሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር አትበሉ አለ። ሄዱ ከተበላሸ በእያንዳንዱ ሙከራ ፋይሉ ያለበትን ቦታ እየፋቀ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዲስክ ከፍቶ ሄድ የሚቀይር ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ነው። እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ጊዜ ሞከራችሁት የሚል እንደሚሆን ጠቁሟል።

መልስ 12 እና 13

አንዱ፣ ዲስኩ ጨርሶ ድምፅ ከሌለው ከሥሩ ያለውን ቦርድ ከተመሳሳይ ሞዴል አውጥቶ መቀየር ይቻላል አለ። እሱ አንድ ጊዜ አድርጎት ሠርቶለታል። ቀጣዩ ይህ በድሮ ዲስኮች ይሠራ እንደነበር፣ አሁን ግን ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ የሮም ቺፕ የዚያን ዲስክ ብቻ መለኪያ እንደያዘች አስረዳ። ቺፗ ከአሮጌው ቦርድ ተነቅላ አዲሱ ላይ ካልተበየደች ዲስኩ ራሱን አያውቅም። ይህ ለለመደ እጅ የሚተው ሥራ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

እዚህ ላይ የኔ ዜና

ዲስኩን አውጥተን የራሱ ቻርጀር ባለው ማገናኛ ሰካነው። ድምፁ 11ኛው መላሽ እንደገለጸው ጤነኛው ነው። ላፕቶፑ አወቀው፤ ፎልደሮቹ ታዩ። የእህቴን ስም የያዘውን ፎልደር ስንከፍት ግን ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት መጣ። ይህንን ጽፌ ሁለተኛ ዙር መልስ ጠየቅኩ።

መልስ 14

ፈቃድ የሚለው መልእክት አያስደንግጥ አለች። አሮጌው ዊንዶውስ ፎልደሩን ለዚያ ኮምፒውተር ተጠቃሚ ብቻ ስለ መዘገበው ነው። ቀጥል የሚለውን ብትጫኑ ላፕቶፑ ፈቃዱን ለራሱ ይሰጣል፤ ፋይሉ ከበዛ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚህ ጋር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አብራ አስገባች። የሚያስፈራው ሌላው መልእክት ነው፤ ዲስኩን ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚለው። እሱ ሲመጣ እምቢ ብሎ መውጣት። ዲስክ ማኔጅመንት (የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ) ውስጥ ኢኒሺያላይዝ አድርግ፣ ማለትም ዲስኩን እንደ አዲስ አዘጋጅ፣ ሲልም እንደዚሁ። ዊንዶውስ እንዲህ የሚለው ዲስኩን ማንበብ ስላቃተው እንጂ ዲስኩ የግድ ባዶ ስለሆነ አይደለም። በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ነፃ ሥርዓት) ወይም በማክ የተዘጋጀ ዲስክም ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ይህንኑ መልእክት ሊያመጣ ይችላል።

መልስ 15 እና 16

15ኛው ፈቃዱን መቀየር ራሱ ዲስኩ ላይ መጻፍ መሆኑን አስታወሰ። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ችግር የለውም። ከተጠራጠራችሁ ግን ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ አስነሱ፣ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ክፈቱት አለ። ሊኑክስ የዊንዶውስን የፈቃድ ጥያቄ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል፤ ሁሉንም ያሳያል። ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ነገርም የለም።

16ኛው ጨመረበት። ዊንዶውስ በፍጥነት እንዲነሳ ተብሎ የተቀመጠው አማራጭ፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ግማሹ ዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ሊኑክስም ይህን ሲያይ መጻፍ አልችልም ይላል። ለእኛ ሥራ እንዲያውም ይሻላል፤ ለማስተካከል መታገል አያስፈልግም።

መልስ 17

እዚህ ሐዘን ያለበት መልስ ገባ። ጸሐፊው የሞተበትን ኮምፒውተር ዲስክ አውጥቶ ሲሰካ የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ተጠየቀ። ቢትሎከር ማብራቱን አያውቅም። ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ሳይናገሩ ይቆልፋሉ። ቁልፉን የሚይዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቲፒኤም የሚባል የደኅንነት ቺፕ ነው። ማዘርቦርዱ ሲሞት፣ ወይም ዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ፣ ባለ 48 አሃዙ መክፈቻ ይጠየቃል።

ሦስት ሰዎች ቁልፉ ያለባቸውን ቦታዎች አስታወሱት፤ የማይክሮሶፍት አካውንቱ ገጽ፣ የታተመ ወረቀት፣ ፍላሽ ላይ የተቀመጠ ፋይል፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነም የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል። አራተኛው ያለ ቁልፉ የሚከፍት ሶፍትዌር አለ አለ፤ ወዲያው ተቃውሞ ዘነበበት። ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው። ያለ ቁልፍ 48 አሃዝ ገምቶ የሚከፍት የለም፤ እከፍታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ያታልላል። ሰውዬው ኋላ በሌላ ኢሜይሉ ገብቶ ቁልፉን አገኘው። ይህን ስጽፍ ራሱ ደስ ይለኛል። የእህቴ ዲስክ የተቆለፈ አልነበረም። ይህን የምታነቡ ሁሉ ግን ኮምፒውተራችሁ በሕይወት እያለ ቁልፉን ፈልጋችሁ አስቀምጡ።

መልስ 18

ምን ምን ኮፒ እናድርግ ለሚለው የተሟላው መልስ ይህ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስን ማንም አይረሳም። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው። ዩዘርስ ውስጥ ፐብሊክ የሚባለው ፎልደር አለ። ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ የተፈጠሩ ፎልደሮች አሉ። ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ዲ ድራይቭ አለ። ከሁሉም በላይ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የተደበቀው አፕዳታ አለ። የብራውዘር ቡክማርክና አንዳንድ የኢሜይል ፋይሎች የሚቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። እህቴ ደብዳቤዎቿን የምትጽፈው በኢሜይል ፕሮግራም ስለነበር እነሱም የተገኙት እዚያ ነው። ይህ መልስ ባይኖር ኖሮ ዶክመንትስን ኮፒ አድርገን ጨረስን ብለን ነበር።

ብዙዎቹ ብራውዘሮች ያስታወሷቸው ፓስወርዶች ግን ፎልደሩን ኮፒ በማድረግ ብቻ አይከፈቱም። ከአሮጌው ዊንዶውስ አካውንት ጋር ተሳስረው የተመሰጠሩ ናቸው።

መልስ 19

አንዱ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ፎልደር ውስጥ ፋይሎቹ ስማቸው ብቻ ሊኖር እንደሚችል አስጠነቀቀ። ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ዲስኩ ላይ ምልክቱ ብቻ ይቀመጣል። ኮፒ አልሆን ካለ ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ማየት ነው።

መልስ 20፣ 21 እና 22

ኮፒው በመሐል አንድ የፎቶ ፎልደር ላይ ደርሶ ቆመ። ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ። ይህንንም ጻፍኩ።

20ኛው ቼክ ዲስክ እንድናስኬድበት መከረ። 21ኛዋ በትላልቅ ፊደል ከለከለች ማለት ይቻላል። ቼክ ዲስክ የተሠራው ዊንዶውስ እንዲሠራ ፋይል ስርዓቱን ለማስተካከል ነው፤ ፋይላችሁን ለማዳን አይደለም። የታመመ ዲስክ ላይ ሲሄድ ብዙ ቦታ እያነበበ ያደክመዋል፤ ያልገባውን ነገርም ይቆርጣል፣ ይጥላል። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ጥገና፤ ጥገናውም ኮፒው ላይ። 20ኛው ለዓመታት ያለ ችግር ተጠቅሜበታለሁ ብሎ ተከራከረ። ጤነኛ ዲስክ ላይ ከሆነ እውነቱን ነው። የቆመ ኮፒ ግን የጤና ምልክት አይደለም።

22ኛው የስማርት ቁጥሮችን አሳየን። ዲስኩ ራሱ የሚመዘግባቸው ናቸው። 5 ቁጥር የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩ ትናንሽ የመጻፊያ ቦታዎችን) ይቆጥራል። 197 ማንበብ ያቃቱትንና ገና ያልተወሰነባቸውን ይቆጥራል። 198 ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ሊያነባቸው ያልቻለውን ነው። የእኛ 197 ዜሮ አልነበረም። ዲስኩ እርጅና ጀምሯል ማለት ነው፤ የመነሻ ግምቴ ላይ ይህ እርማት ይመዝገብ።

እዚያው ሌላ ሰው ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ ሲመክር፣ 22ኛው የሙከራውን ቁጥር ቀንሱለት አለ። ካልተነገረው አንድ ያልተነበበ ፋይል ላይ 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል፤ በየመሐሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ሒሳቡን ስሠራው ለአንድ ፋይል ብቻ ከ11 ወር በላይ ይሆናል።

መልስ 23

ያዳነን ይህ ነው። ዲዲሬስኪው የተባለ ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም አለ። ፋይል ፋይሉን ኮፒ በማድረግ ፋንታ ዲስኩን እንዳለ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ወደ ሌላ ዲስክ ያነሳል። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ነው። በቀላሉ የሚነበበውን በመጀመሪያው ዙር ይወስዳል። ያስቸገረውን ምልክት አድርጎ ይዘለዋል። ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዲስኩ በመሐል ቢሞት እንኳ አብዛኛው ወጥቷል። የት እንደደረሰ የሚጽፍበት ትንሽ ማስታወሻ ፋይል ስላለው፣ ብታቆሙት ካቆመበት ይቀጥላል።

ተቀባዩ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። አደገኛው ነገር ምንጩንና ተቀባዩን ማቀያየር ነው። አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ባዶው ዲስክ በፎቶዎቹ ላይ ይጻፋል። ሁለቱን በመጠናቸው ብቻ አትለዩ፣ መለያ ቁጥራቸውን ዲስኩ ላይ ካለው ወረቀት ጋር አመሳክሩ ብሎ ደጋግሞ አሳሰበ። እህቴ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጮክ ብላ እያነበበች እኔ ከስክሪኑ ጋር አመሳከርኩ፤ ከዚያ ነው ያስጀመርነው።

መልስ 24 እስከ 28

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ እስካሁን እሱ ላይ መቆየት ስህተት ነው አለ። ሌላው ማን ጠየቀህ ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ ኤስኤስዲና ሃርድ ዲስክ የትኛው ይሻላል የሚል ጉንጭ አልፋ ክርክር ተነሳ።

ከዚያ ጫጫታ መሐል የጠቀመኝን ላውጣ። ተሳስቶ የተሰረዘ ፋይል ከሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ በላዩ ላይ ሌላ እስካልተጻፈ ድረስ። ኤስኤስዲ ግን ትሪም በተባለው ሥርዓት የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ያጸዳል። ስለዚህ ኤስኤስዲ ላይ ለተሰረዘ ፋይል ያለው ተስፋ በጣም ትንሽ ነው። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፋይሉን ስም ሳይሆን የፋይሉን ዓይነት አጀማመር እየፈለገ ያወጣል። ብዙ ያገኛል፣ ግን ስማቸውና ፎልደራቸው ጠፍቶ ነው የሚመጡት። የወንድሙ ቴስትዲስክ ደግሞ የጠፋ ክፍልፋይን (እንደ ዲ ድራይቭ ያለ የዲስክ ክፍልን) ፈልጎ ይመልሳል። ሁለቱንም ኮፒው ላይ እንጂ ዋናው ዲስክ ላይ አትሞክሩ፤ የተገኘውንም እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ።

27ኛዋ በክፍያ ሶፍትዌሮች ላይ ያላትን ቅሬታ ጻፈች። ፋይሉን አግኝተናል ብለው ዝርዝሩን ያሳያሉ፣ ለማስቀመጥ ስትጫን ክፈሉ ይላሉ። 28ኛው ተከራከራት፤ ከመክፈል በፊት ዝርዝሩን ማየት መቻሉ ራሱ ጥሩ ነው አለ። እኔ ከ28ኛው ጋር ነኝ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ፎቶ በትንሹ ተከፍቶ የሚታይ ከሆነ ብቻ። ስም ብቻ አይቶ መክፈል አይገባም።

ውጤቱ

አብዛኛው በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ያስቸገረውን ክፍል ፕሮግራሙ ቆይቶ ሲመለስበት ከፊሉን ሰጠው። መጨረሻ ላይ ያልተነበበው ጥቂት ነው። ከፎቶዎቹ መሐል ጥቂቶቹ ከላይ ደህና ሆነው ከወገባቸው በታች ግራጫ ሆነዋል። የመመረቂያ ጽሑፏ ሙሉ ነው። ደብዳቤዎቹም ተከፍተዋል።

መልስ 29 እና 30

29ኛው ከተሳካላችሁ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጋችሁ ለፊልም ተጠቀሙበት አለ። 30ኛዋ ተቃወመች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። 197 ቁጥሩ ከፍ ያለ ዲስክ ምንም አይታመንም። ደግሞም ፎልደሩ ውስጥ ስም መታየቱ ፋይሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እየከፈቱ ማየት ያስፈልጋል። እህቴ አሁን የየዓመቱን ፎቶዎች በተራ እየከፈተች እያየች ነው። እስክትጨርስና ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቦታ እስክታስቀምጥ ድረስ ዲስኩ ኤሌክትሪክ ሳይነካው ይቀመጣል።

መልስ 31

የመጨረሻው መላሽ የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። የሞተው ዴስክቶፑ ውስጥ ሁለት ዲስኮች ነበሩ፤ አንዱን ሲሰካው ላፕቶፑ ባዶ ነው ይለዋል። ሁለቱ በሬይድ 0 (ሁለት ዲስክን እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ) ተጣምረው ከሆነ እያንዳንዱ ፋይል ለሁለት ተቆራርጦ ነው የተጻፈው። አንዱ ዲስክ ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ያስፈልጋሉ። ሁለቱን በየተራ በዲዲሬስኪው እንዲያነሳና የትኛው ዲስክ የትኛው የማዘርቦርድ መሰኪያ ላይ እንደነበር ሳይረሳው በወረቀት እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ። ፎርማት አድርግ የሚለውን መልእክት እስካሁን እንዳልተጫነ አረጋግጦልኛል።